ባቱ ወደብ ላይ ቀለበት ያሰረች ሲጋል፦ የ2016 በጋ ክትትል

የደንበል_ልጅ
ቅዳሜ፣ ኅዳር 22 ቀን 2016

ሰላም ቤቶች። በጋው ገባ፣ እኔም ባቱ ወደብ ላይ ነኝ። ቦታውን ለማታውቁት፦ ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ብዙዎቻችሁ ዝዋይ የምትሉት ሐይቅ ዳር ነው። ጀልባዎቹ የሚቆሙበት፣ አሳው ፊሌቶ የሚወጣበት ቦታ።

ዘንድሮ ሦስተኛ ዓመቴ ነው። ቅዳሜና እሑድ ጠዋት ከ1 እስከ 3 ሰዓት እቆማለሁ። እስካሁን ሥራዬ መቁጠር ብቻ ነበር። ፔሊካን ይህን ያህል፣ አባ ኮዳ ይህን ያህል፣ ሲጋል የምትባለው ነጭ የውሃ ወፍ ይህን ያህል፤ ከዚያ ቁርስ።

ዛሬ ግን አንድ ነገር አየሁ። ጀርባዋ ጥቁር፣ እግሯ ቢጫ የሆነ ሲጋል ጀልባ ጫፍ ላይ ቆማ የአሳ አንጀት ትጎትታለች። ግራ እግሯ ላይ ቀለበት አለ። የፕላስቲክ ነው፣ ጽሑፍ አለው። ቀኝ እግሯ ላይ ደግሞ ብልጭ የምትል ትንሽ ብረት አለች። በባይኖኩላር ሁለት ፊደል ያዝኩ። ሦስተኛው ላይ የአሳ ደም ተለጥፎበታል። አራተኛው ላይ ልደርስ ስል አንድ ሰውዬ ባልዲውን ሐይቁ ውስጥ ደፋ። ሁሉም ብር!

እና እናንተ የምታውቁ፦ ይህን የሚያስረው ማን ነው? ሲገኝ የሚነገረውስ ለማን ነው? በዚህ ሁሉ ትርምስ መካከል እንዴት ነው የሚነበበው?

ወደቡ ላይ ለሚውሉት ልጆች ነግሬያለሁ። ቀለበት ያላት ወፍ ላገኘልኝ 50 ብር።


አሞራ_ገደል
ኅዳር 22

ቀለበት ካሰረች ሠርጉ መቼ ነው? ጥር ነው መቼም።

ቀልዱን ልተወውና፣ እኔ ሐዋሳ አሳ ገበያው አጠገብ ነው የማድረው ማለት ይቻላል። የአንዲትም ወፍ እግር ልብ ብዬ አይቼ አላውቅም። ማን እግር ያያል? ከነገ ጀምሮ እግር ተመልካች ነኝ። ሚስቴ እንዳትሰማ።


ጋሽ_መነጽር
እሑድ፣ ኅዳር 23

ልጄ፣ እንኳን ደስ አለህ። ያን ሁሉ ዓመት አስጎብኚ ሆኜ እንግዳ ይዤ ስዞር የወፍ እግር የሚያይ የገጠመኝ በጣት የሚቆጠር ነው። እነሱም ዝምተኞች ናቸው። ከቡድኑ ኋላ ይቀራሉ፣ ምሳ ያልፋቸዋል፣ ሾፌሩ ይነጫነጭባቸዋል።

ማን ያስራል ላልከው፦ ወፎችን ለመከታተል ቀለበት ማሰርን ያስጀመረው ሞርተንሰን የሚባል የዴንማርክ መምህር ነው። በ1890 በፈረንጅ አቆጣጠር በዚንክ ሞከረ፣ ለወፎቹ ከበደባቸው። በ1899 ወደ አሉሚኒየም ዞረ፤ ቁጥርና አድራሻ ቀርጾ አሰረላቸው። ዛሬ በየአገሩ ማዕከል አለ። የአውሮፓዎቹን ደግሞ ዩሪንግ የሚባለው ኅብረት ያገናኛቸዋል። ሪፖርቱን በድረ ገጹ መላክ ትችላለህ።

ብረቷ ላይ የማዕከሉ አድራሻና ቁጥር አለ። ግን ወፏን እጅህ ካላስገባህ ወይም አፍንጫዋ ሥር ካልደረስክ አትነበብም። ፕላስቲኩ የመጣው ለዚህ ነው። ብረቱን ሊብሬ በለው፣ ፕላስቲኩን ታርጋ። ታርጋ ከሩቅ ይነበባል።

አሁን አነባበቡ። መጀመሪያ የቀለበቱን ቀለም ጻፍ፣ ቀጥሎ የፊደሉን ቀለም። የትኛው እግር እንደሆነ ጻፍ፤ ግራ ሲባል የወፏ ግራ ነው፣ ያንተ አይደለም። ፊት ለፊት ቆማብህ ከሆነ ተጠንቀቅ፣ ስንቱ እዚህ ላይ ይሳሳታል። ፊደሎቹ አብዛኛውን ጊዜ ከታች ወደ ላይ ነው የሚነበቡት። ቢ እና 8፣ ኦ እና ዜሮ፣ ኤስ እና 5 ያታልላሉ። ያላየኸውን ፊደል በግምት አትሙላ። ጥያቄ ምልክት አድርግና እደር።

ሙሉ ኮዱን ደግሞ እዚህ አትለጥፍ። ከለጠፍክ ነገ የሚመጣው ሰው ቀለበቱን ሳይሆን ያንተን ጽሑፍ ነው የሚያነብልህ። ሁለት ሰው ሳይነጋገር ለየብቻው አንብቦ ሲገጥም ያኔ አገኘን እንላለን።

ሌላ አንድ ነገር። ስንት እግር አየህ? ቀለበት ያላትን ብቻ ከጻፍክ ግማሽ ሥራ ነው። መቶ ወፍ አይተህ አንድ ማግኘትና ሁለት ሺህ አይተህ አንድ ማግኘት ለየቅል ነው። ሁለቱንም እግር ጥርት አድርገህ ያየህላቸውን ወፎች ቁጠር። ምንም ያላገኘህበትን ቀንም ጻፍ።

50 ብሩን ግን አልወደድኩትም። አንሣው።


ቲጂ_ጣና
ኅዳር 24

ጀርባዋ ምን ያህል ጥቁር ነው? ከክንፏ ጫፍ ጋር አንድ ዓይነት ነው ወይስ ትንሽ ፈዘዝ ይላል?

የምጠይቀው እኛ አገር በዚህ ወቅት ሁለት ዓይነት ጥቁር ጀርባ ስለሚመጣ ነው። አንዷ ከፊንላንድ፣ ከስዊድንና ከዚያ አካባቢ የምትመጣው የባልቲክዋ ናት። ቀጠን ያለች፣ ክንፈ ረጅም፣ ጀርባዋ ከሰል የመሰለ። ሌላዋ ከሰሜን ሩሲያ ቱንድራ ነው የምትመጣው። ሞላ ያለች ናት፣ ጀርባዋ ጠቆር ያለ ግራጫ ነው። የባልቲክዋ ከሆነች ጮክ ብዬ ልጮህ ነው።

ደግሞ ለዚህች ወፍ ስም እንፈልግላት በናታችሁ። እንግሊዝኛውን በግዕዝ ፊደል «ገል» ብዬ ብጽፍ እናቴ የተሰበረ እንስራ መሰላት።


የደንበል_ልጅ
ኅዳር 24

ቲጂ፣ እንደ ከሰል ነው። ከክንፏ ጫፍ ጋር ልዩነቱን አላየሁም።

ስሟን በተመለከተ እዚህ ልጆቹ «ነጩ ወፍ» ነው የሚሏት። ጥቁር ጀርባዋንም ነጩ ወፍ ነው የሚሏት። እኔ በሲጋል እቀጥላለሁ።


የበረዶ_አገር_ሴት
ኅዳር 25

ከሄልሲንኪ ነኝ። ይህን ክር ሳነብ ቡናዬ ገነፈለ።

እኛ ጋ ሰልካሎኪ ትባላለች። የባልቲክዋ ከሆነች የጎረቤቴ ልጅ ልትሆን ትችላለች። ፊንላንድ ውስጥ ቀለበት ማሰር በፈረንጅ ከ1913 ጀምሮ አለ። ማዕከሉ ሄልሲንኪ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ውስጥ ነው። ዝም ብሎ የሚታሰር እንዳይመስላችሁ፣ ፈተና አልፎ ፈቃድ ማውጣት ይጠይቃል። እኔ ፈቃድ የለኝም። ፈቃድ ላለው ጓደኛዬ ጀልባ እቀዝፋለሁ፣ ጫጩት በጨርቅ ከረጢት እይዛለሁ፣ ይተፋብኛል። ሲጋል ጫጩት ስትያዝ የበላችውን ነው የምትተፋብህ።

ቁጥሯ ግን እየቀነሰ ነው። ስለዚህ በክረምት የት እንደምትውል ማወቅ እዚህ ላሉት ሰዎች ትልቅ ነገር ነው። መከታተያ መሣሪያ ከታሰረላቸው ብዙዎቹ በምሥራቅ በኩል፣ በሜዲትራኒያንና በአባይ አድርገው እስከ ቪክቶሪያ ሐይቅ እንደሚወርዱ ታይቷል። እናንተ መንገድ ላይ ናችሁ።

እኔ ክረምት ስል እናንተ በጋ እያላችሁ አንብቡልኝ። እዚህ አሁን ከዜሮ በታች 11 ነው።


የደንበል_ልጅ
ቅዳሜ፣ ኅዳር 29

ለመናገር ያፈርኩበት ነገር ላውራችሁ። ጋሽዬ፣ ልክ ነበሩ።

ጠዋት ስደርስ ሁለት ልጆች እየሮጡ መጡ። ትልቁ ጃኬቱን ጠቅልሎ ታቅፎታል። ጃኬቱ ይንቀሳቀሳል። «ጋሼ፣ ቀለበት! ይኸው ቀለበት!»

መንጠቆ ላይ አንጀት ሰክተው ነው የያዟት። መንጠቆው በምንቃሯ ጥግ ገብቶ ጉንጯን በስቶ ወጥቷል። የኛው የአገራችን ግራጫ ራስ ሲጋል ናት፣ ቀይ እግር ያላት። ቀለበት የለም። እግሯ ላይ ያለው የተጠመጠመ የመረብ ክር ነው። ሰማያዊ ክር፣ ሥጋዋ ውስጥ ሊገባ ምንም ያልቀረው። ልጆቹ ከሩቅ ሲያዩት ቀለበት መስሏቸዋል። አልፈርድባቸውም፣ እኔም ከሩቅ ባየው ይመስለኝ ነበር።

አሳ የሚያወጡት ሰውዬ ቢላቸውን ጣል አድርገው መጡ። በጃኬቱ ጭንቅላቷን ሸፈኑት። መንጠቆውን ወደ ኋላ አልሳቡትም። ሹል ጫፉን በፒንሳ ቆርጠው ቀሪውን በገባበት አወጡት። ቀጥለው ክሩን ቆረጡ። ሲለቋት ሃያ ሜትር በራ ውሃው ላይ አረፈች። ጭንቅላቷን ደጋግማ ነከረች፣ ነከረች። ከዚያ ሄደች።

ልጁ እጁን ዘረጋ። 50 ብር።

ምን ልበለው? ቃሌ ነው። ሰጠሁት። ከዚያ ሁሉንም ሰብስቤ ከዛሬ ጀምሮ ብር የለም አልኩ። ሰውዬው ቢላቸውን እየጠረጉ «ወፍ በብር ካስያዝክ ነገ ጀልባ ሙሉ ያመጡልሃል» አሉኝ።

የዛሬው ቆጠራ፦ ሁለት እግራቸው የታየኝ 61 ወፎች። ቀለበት የለም።


ጋሽ_መነጽር
ኅዳር 29

ስለነገርከን ደግ አደረግህ። ብዙ ሰው ይህን ይደብቀዋል።

ልጆቹን ግን እንዳታባርር። ዓይናቸው ካንተም ከእኔም ይሻላል፣ ከጠዋት እስከ ማታ እዚያው ናቸው። ደብተርና እርሳስ ስጣቸው። እግር ይቁጠሩ። ሻይና ቦምቦሊኖ ከጋበዝክም ቀለበት ቢገኝም ባይገኝም ይሁን። ቀለበት ያገኘና ያላገኘ እኩል ቦምቦሊኖ።


የበረዶ_አገር_ሴት
ኅዳር 30

ልጆቹ ወፍ ስለነኩ አንድ ማሳሰቢያ። አውሮፓ ውስጥ በፈረንጅ 2023 የወፍ ጉንፋን ሲጋሎችን ክፉኛ ነበር የመታቸው፣ በተለይ ትንሿን፣ ባለ ቡናማ ራሷን። የሞተች ወይም የደነዘዘች ወፍ ሲያዩ በባዶ እጅ እንዳይነኩ ንገራቸው። የሞተችው ቀለበት ካላት እግሩን በስልክ ፎቶ ማንሣት ይበቃል። የነካ ሰው ቦምቦሊኖውን ሳይበላ በፊት በሳሙና ይታጠብ።


የደንበል_ልጅ
ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 13

ተነበበች! ተነበበች!

ከአንድ ጓደኛዬ ቴሌስኮፕ ተውሼ ነበር። ወደቡ ጫፍ ላይ ተከልኩት። ጾም ስለሆነ የአሳ ገበያው ደርቷል። (አሳ ለጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እዚህ የሚከፍት ሰው ከክሩ ይባረራል።) ገበያው ሲደራ ፊሌቶ ይበዛል፣ ፊሌቶ ሲበዛ አንጀትና ጭንቅላት ይበዛል፣ ሲጋሎቹም ይበዛሉ።

1 ሰዓት ከሩብ ላይ መጣች። አሮጌ ጀልባ ጠርዝ ላይ አረፈች። በአንድ እግሯ ቆመች። በየትኛው? በቀኙ! ቀለበት ያለበትን ግራ እግሯን ሆዷ ውስጥ ቀብራ፣ ዓይኗን ጨፍና። ሃያ አምስት ደቂቃ። ውሻ አልፎ ጮኸባት፣ አልተነቃነቀችም። ባጃጅ ጡሩምባ ነፋ፣ ምንም። እኔ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ትንፋሼ መስተዋቱን ሲያደበዝዘው ልጠርግ ዘወር አልኩ፣ በዚያች ቅጽበት እግሯን አወረደች።

እንደ ዕድል ሆኖ ከአጠገቤ ያ የመንጠቆው ልጅ ነበር። በባይኖኩላሬ እያየ ነው። እኔ ተመልሼ ቴሌስኮፑ ላይ እስክጎነበስ እሱ አሸዋው ላይ በጣቱ አራት ምልክት ጽፎ ጨርሷል። እኔም አየሁ፣ በደብተሬ ጻፍኩ። ከዚያ አስተያየን። ሦስቱ ገጠሙ። አንዱ አልገጠመም። እኔ ኦ ብያለሁ፣ እሱ ግን ከሥሩ ጭራ አለው አለ፣ ኪው ነው። ልጁ ትምህርት ቤት አፋን ኦሮሞ በቁቤ ነው የሚማረው፤ ኪው ለሱ የዕለት እንጀራው ነው። ተከራከርን። ቀና ስንል ገና እዚያው ናት፣ አሁን በሁለት እግሯ። ሁለታችንም እንደገና አየን። ጭራ አለው።

ስልኬን ቴሌስኮፑ ላይ ደቅኜ ያነሣሁት ፎቶ ደብዛዛ ነው፣ ጭራው ግን ይታያል። ዛሬ ማታ ሪፖርቱን እልካለሁ።

ቆጠራ፦ 118 ወፎች ሁለት እግራቸው ታይቷል፣ አንድ ቀለበት።


ቲጂ_ጣና
ታኅሣሥ 13

እልልልልል! ልጁ ስንተኛ ክፍል ነው?


የደንበል_ልጅ
ታኅሣሥ 13

አምስተኛ። ሦስት ቦምቦሊኖ በላ።


የደንበል_ልጅ
ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 27

መልስ መጣ። ሳነበው መጀመሪያ ደነገጥኩ፣ ቀጥሎ ብቻዬን ሳቅኩ። ባለቤቴ «ምን ሆንክ?» አለችኝ።

ሪፖርቱ ላይ ቀኑን 13/04/2016 ብዬ ነው የሞላሁት። ሰዓቱን 1፡40። ታኅሣሥ አራተኛው ወር አይደል? ሰዎቹ ጋ የደረሰው ሚያዝያ አጋማሽ፣ በፈረንጅ 2016፣ ከሌሊቱ አንድ ሰዓት ከአርባ ሆኖ ነው። በጣም በትሕትና ጻፉልኝ። ይህች ወፍ በ2016 አልተፈለፈለችም፣ ኮዱን እንደገና ብታየው ይላሉ። ሌሊትም እንዴት እንዳነበብኩት ሳይገርማቸው አልቀረም።

አስተካክዬ ላክሁ፦ 23 ዲሴምበር 2023፣ ጠዋት 7፡40።


አሞራ_ገደል
ታኅሣሥ 27

ሳትፈለፈል ባቱ መጥታ አሳ በልታ ሄዳለች። አንጀት ናት!


ጋሽ_መነጽር
ታኅሣሥ 27

ይህ ቀልድ ብቻ አይደለም፣ ልብ በሉት። የኛን አቆጣጠር ሳይለውጡ የሚልኩ ሰዎች ሪፖርት እንደ ስህተት ተቆጥሮ ሊጣል ይችላል። ቀን፣ ወር፣ ዓመት፣ ሰዓት፣ አራቱንም ለውጡ። ወሩን በቁጥር ሳይሆን በስም ጻፉ። ደብተራችሁ ላይ በአማርኛ ይሁን፣ ግድ የለም። ከደብተሩ ወደ ኮምፒውተር ስትገለብጡ ነው ጥንቃቄው።

መልካም ገና ለሁላችሁ። ነገ በዓል ነው፣ እግር የሚቆጥር የለም።


የደንበል_ልጅ
ጥር 4

ውጤቱ! በሐምሌ ወር 2019 በፈረንጅ፣ ደቡብ ፊንላንድ የባሕር ዳርቻ፣ ገና መብረር ያልጀመረች ጫጩት ሆና ነው የታሰረችው። ከታሰረች ወዲህ ያያት ሰው ሪፖርት አላደረገም። የመጀመሪያዎቹ እኛ ነን። ከአራት ዓመት ተኩል በኋላ፣ ቀጥታ ቢለካ ወደ 6000 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ።

ደብዳቤውን አትሜ ወደቡ ላይ ወሰድኩት። ልጁ ስሙ እንዳለበት ጠየቀ። አልነበረም። ለማዕከሉ ጻፍኩና ሁለተኛ አንባቢ ብለው ጨመሩት። አሁን ወረቀቱን በፕላስቲክ ሸፍኖ ደብተሩ ውስጥ ይዞት ይዞራል፣ ጠርዙ አሳ አሳ ይሸታል።


የበረዶ_አገር_ሴት
ጥር 5

አለቀስኩ፣ አልዋሽም። ጓደኛዬን ጠየቅሁት፣ በዚያ ሐምሌ ጀልባ የቀዘፍኩበት ቦታ አይደለም። ትንሽ ቅር አለኝ፣ ግን ይሁን።

ሰው አስቦት የማያውቅ ነገር ልንገራችሁ። ሄልሲንኪ መሃል ካውፓቶሪ የሚባል የወደብ ገበያ አለ። በእኛ በጋ ሲጋሎች ከሰው እጅ አይስክሬም ይነጥቃሉ። ማስጠንቀቂያ ተለጥፏል። አንድ ጊዜ የኔንም ወስደውብኛል፣ የእንጆሪ ነበር። ሰው ይሳደባል፣ ቆሻሻ የምትበላ ወፍ ይላታል። ከነሱ መካከል በጋው ሲያልቅ ተነሥታ፣ ጥቁር ባሕርን ወይም ሜዲትራኒያንን፣ በረሃውን አቋርጣ ባቱ የምታርፍ እንዳለች የሚያውቅ ጥቂት ነው።

ስለ ልጅነታቸው ደግሞ፦ የመጀመሪያ ዓመት ወጣቶቹ ብዙዎቹ ወዲያው አይመለሱም። ፀደዩን እዚያው ደቡብ ያሳልፋሉ። ስለዚህ በግንቦት ቡናማ፣ ዝርክርክ ያለ ላባ ያላት ትልቅ ሲጋል ባቱ ላይ ብታዩ የታመመች አይምሰላችሁ። ጉርምስና ላይ ናት። ሙሉ ጥቁር ጀርባ ለመልበስ ወደ አራት ዓመት ይፈጅባታል።


የደንበል_ልጅ
እሑድ፣ ጥር 19

ከጥምቀት በኋላ ሁለት ዜና።

አንደኛ፣ ሌላ አንዲት አለች። ባለ ቡናማ ራሷ ናት፣ አሁን ግን ራሷ ነጭ ነው፣ ከጆሮዋ አካባቢ አንዲት ጥቁር ነጥብ ብቻ ቀርታለች። ቀኝ እግሯ ላይ ብረት ብቻ አለ። ፕላስቲክ የለም። ብረቷ የሩዝ ፍሬ ታክላለች፣ እንዴት ልናነባት ነው?

ሁለተኛ፣ አንድ ጥበቃ መጥቶ ቴሌስኮፑን «ማንን ነው የምታየው?» አለኝ። ወፍ አልኩት። «ወፍ ለማየት ይህ ሁሉ?» አለ። ቀለበት እንዳለባት ስነግረው ጭራሽ ፊቱ ተለወጠ። «ማነው ያሰረባት? ምን ታቀብላለች?» አንድ ሰዓት ያህል አስቀምጦኝ መታወቂያዬን ሲያገላብጥ ቆየ። በመጨረሻ በቴሌስኮፑ አሳየሁት። ጉማሬ አገኘ። ከጉማሬው ላይ ማን ያንሣው!


ከአሽዶድ_ወደብ
ጥር 20

ሰላም፣ ከእስራኤል ነኝ፣ አንባቢ ብቻ ነበርኩ። ጥበቃው ብቻውን አይደለም። በፈረንጅ 2011 ሳዑዲ ውስጥ ከቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ ቀለበትና መከታተያ የታሰረላት ጥንብ አንሣ ሰላይ ናት ተብላ ተይዛ ነበር፣ በኋላ ተለቀቀች። በ2013 ደግሞ ግብፅ፣ ቄና ውስጥ መከታተያ ያሰረ ሽመላ ጣቢያ ገብቷል። መርምረው ወፍ መሆኑ ተረጋገጠና ለቀቁት። በኋላ ሰዎች በልተውታል የሚል ዜና ወጣ።

እኔም ሻባት ጠዋት አሽዶድ ወደብ ላይ አሳ አጥማጆቹ አጠገብ እቆማለሁ። እኛ ጋ የምትከርም የአርመን ሲጋል አለች፣ ከሴቫን ሐይቅና ከቱርክ በኩል የምትመጣ። ጥቁር ጀርባዎቹ ግን ብዙዎቹ ያልፋሉ እንጂ አይቆዩም። ሁልጊዜ ወዴት ነው የሚሄዱት እል ነበር። አባቴ የተወለደው ጎንደር ነው። ወፎቹ ወደዚያ እንደሚሄዱ ስነግረው «እነሱስ ትኬት አይገዙ» አለኝ።


ጋሽ_መነጽር
ጥር 20

ለጥበቃው ጉዳይ፦ መሣሪያ ከመትከልህ በፊት ሄደህ ሰላም በል። ቴሌስኮፑን መጀመሪያ እነሱ ይዩበት። ቀበሌም ጎራ በል። እኔ ሁልጊዜ የወፍ ሥዕል መጽሐፍ ይዤ ነበር የምሄደው። ገጹን ሲያገላብጡ አገራቸው ውስጥ የሚያውቁትን ወፍ ያገኛሉ፣ ከዚያ ስም ይነግሩሃል፣ አለቀ።

ለብረቷ፦ በፎቶ ነው። ጥሩ ዙም ያለው ካሜራ ይኑር፣ ወይም ወፏ በጣም የምትለምደው ሰው ይኑር። በአንድ ፎቶ ሁለት ሦስት አኃዝ ብቻ ይወጣል፣ ቀለበት ክብ ነውና። በሌላ ቀን ከሌላ አቅጣጫ የቀረውን። እየገጣጠሙ ይሄዳሉ።


ባለ_ፊሌቶው
የካቲት 3

ይህን የሚጽፍልኝ ልጄ ነው። መንጠቆውን ያወጣሁት እኔ ነኝ።

ብረት ብቻ ያሰረችውን ትንሿን ወፍ አውቃታለሁ። ባልዲዬን ታውቀዋለች። ሌሎቹ ሲሻሙ እሷ ከጎኔ ድንጋዩ ላይ ትቆማለች፣ የቆሮሶ ጉበት ስጥል ታነሣለች። አምባዛ ስሠራ አትመጣም፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም። ከእኔ አንድ ሜትር ትሆናለች። ልጄ በስልክ አንስቷታል። አምስት ቀን አነሣ። አንዱ ላይ 4 እና 7 ይታያል፣ ሌላው ላይ 7 እና 1። ከቁጥሩ በላይ ጽሑፍ አለ፣ ግማሹ ተፍቋል።

ሌሎች ሰዎች ይያዟት ይሉኛል። አልያዝኩም። ብይዛት ደግማ አትመጣም።


የደንበል_ልጅ
የካቲት 3

አባባ፣ እግዜር ይስጥልን። ፎቶዎቹን ሁሉ ይላኩልኝ፣ የደበዘዙትንም አያጥፉ።


ቲጂ_ጣና
የካቲት 24

ባሕር ዳር ላይ እኔም ሦስት ቅዳሜ ቆጠርኩ። 74፣ 52፣ 90 ወፎች። ቀለበት፦ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ። ጋሽዬ እንዳሉት ጻፍኩት። ሦስት ዜሮ መጻፍ ግን ልብ ያደክማል።


ጋሽ_መነጽር
የካቲት 24

ዜሮሽ ወርቅ ነው ልጄ። ቀጥዪ።


የደንበል_ልጅ
ቅዳሜ፣ መጋቢት 7

ፎቶዎቹን ገጣጠምን። ከትንሿ ብረት አምስት አኃዝ ወጥቷል፣ ቢያንስ አንድ ይቀራል። ባለፈው ሳምንት ግማሽ ራሷ ቡናማ ሆኖ ነበር፣ ሸሚዝ በግማሽ የለበሰች ትመስላለች። ዛሬ አልመጣችም። አባባ ጉበቱን ድንጋዩ ላይ አስቀምጠው ጠበቋት። አባ ኮዳ መጥቶ ዋጠው።

ጥቁር ጀርባዋ ዛሬም አለች። ባለ ኪው። ጀርባዋ ያብለጨልጫል፣ ምንቃሯ ላይ ያለው ቀይ ነጥብ ደምቋል።

ቆጠራ፦ 83 ወፎች፣ አንድ ቀለበት።


የደንበል_ልጅ
ቅዳሜ፣ መጋቢት 21

ቆጠራ፦ 19 ወፎች፣ ሁሉም ግራጫ ራስ፣ የአገር ልጆች። ቀለበት የለም። ልጁ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ወደቡ ጫፍ ላይ ነበር። ደብተሩ ላይ «የለችም» ብሎ ጽፎ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አስምሮበታል።


የበረዶ_አገር_ሴት
ሚያዝያ 5

ባሕሩ ላይ ያለው በረዶ ተሰነጣጥቋል። ትናንት ማታ የመጀመሪያዎቹን ሰማሁ። ነገ ጠዋት ከጓደኛዬ ጋር ቴሌስኮፕ ይዘን እንወጣለን። ኮዱን በግል ልካችሁልኛል፣ አልከፈትኩትም፣ ራሴ ላንብበው። የትኛው እግር ነበር ያላችሁት?


የደንበል_ልጅ
ሚያዝያ 5

ልጁ አጠገቤ ነው። ግራ በላት አለኝ። የወፏ ግራ።